ዱካውን የረገጠ ይጠራል

ወተት ሻጯ የጫማዋን ሶል ልታስቀይር ወደ ሱቁ ስትገባ የለበሰችው ካፖርት የጫማ ሰሪዋ እናት ካፖርት ነበር። ጫማ ሰሪዋ መዶሻዋን አስቀምጣ አፈጠጠችባት።

«እናትሽ ናቸው የሰጡኝ» አለች ወተት ሻጯ፣ ሳትጠየቅ። «ከእንግዲህ አያስፈልገኝም ብለው። አልሰማሽም እንዴ? የረጅሙን ዱካ ረግጠዋል እኮ!»

ረጅሙ ማለት እንግዲህ የከተማው ሰው ሁሉ የሚምልበት የጫካ ፍጡር ነው። ቁመቱ ከጥድ ይበልጣል ይላሉ፤ ሲሻው ጢስ ሆኖ ይበናል ይላሉ። አየሁት ባይ ሞልቷል፤ ጠጋ ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ያየችው አክስቱ ናት፣ ወይ የአክስቱ ጎረቤት። ዱካው ግን አለ፤ እሱን ማንም አይክድም። ዱካውን የረገጠ ደግሞ ቅጠል ሳይረግፍ ይጠራል፤ የተጠራ አይመለስም። ይህን የሚያወሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ደስ እያላቸው ነው። የሰው ልጅ መፍራት ሲወድ ለጉድ ነው!

ጫማ ሰሪዋ ሱቋን ዘግታ ወደ እናቷ ቤት በረረች። እናቷ አልጋው ላይ ልብስ ዘርግተው፣ ይህ ለእገሊት፣ ይህ ለእገሌ እያሉ ይለያሉ። ምድጃው ቀዝቅዟል፤ ጉንጫቸው ገብቷል።

«እማዬ፣ እህል ቀምሰሻል?»

«ለሚሄድ ሰው እህል ምን ያደርግለታል!»

«ማን ነው የሚሄደው?»

«እኔ ነኛ። እንጉዳይ ልለቅም ወጥቼ ጉም ወረደብኝ፤ ግራ ቀኙ ጠፋኝ። ከዚያ ዱካውን አገኘሁት። እንደ ሳፋ ጎድጉዷል፣ ልጄ። እሱን እየረገጥኩ ሄድኩ። አንድ ትልቅ ጥድ ጋ ስደርስ አለቀ። ከዛፉ ወዲያ ምንም የለም፤ ሽቅብ ወጥቷል ማለት ነው።»

«ተረት ነው እማዬ!»

«እሺ፣ ተረት ይሁን» አሉና አንድ ሹራብ አጣጥፈው ከክምሩ ላይ ጣሉት።

እናቷን በክርክር የረታ ሰው የለም፤ በተከራከሯቸው ቁጥር ይብሳሉ። እንዲህ ሳይበሉ ከሰነበቱ ደግሞ ረጅሙ ባይጠራቸውም ርሃቡ ይጠራቸዋል። ጫማ ሰሪዋ ይህን እያሰበች እንቅልፍ ባይኗ ሳይዞር ነጋ። ከዚያ ጀሶና ውኃ ተሸክማ ወደ ጫካው ሄደች። ሥራዋ እግራቸው ለታመመ ሰዎች ጫማ መሥራት ነው፤ የማንንም እግር ቅርጽ በጀሶ ሳታወጣ መርፌ አታነሳም። የረጅሙስ እግር ምኑ ይለያል?

የደን ጠባቂው ከመጠበቂያ ማማው ወርዶ ተማጸናት። «እህቴ፣ ተይ። እኔ እንኳን እዚህ እየሠራሁ ያን መንገድ ረግጬው አላውቅም። ማንም አይረግጠውም።»

«እሱ ነዋ ችግሩ» ብላው አለፈች።

ልትስቅ ተዘጋጅታ ነበር የሄደችው። ዱካውን ስታየው ሳቋ ከየት ይምጣ! ከዛፎቹ መሀል፣ እንደ ድንጋይ በደረቀ መሬት ላይ፣ ጉድጓድ ከጉድጓድ እየተከተለ ይሄዳል፤ በግራም በቀኝም። ጠርዙ ለስልሷል፣ የዛፍ ሥሮቹ ሳይቀሩ ተፍቀዋል። ወፍ የለ፣ ነፋስ የለ። ፀጉሯ ቆመ። ጀሶውን በውኃ በጥብጣ ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ጉድጓድ ውስጥ አፈሰሰች።

ሲደርቅ አወጣችና በልማዷ አውራ ጣቱን አይታ «ግራ»፣ «ቀኝ» ብላ በእርሳስ ጻፈችባቸው። ከዚያ ወዳወጣችበት ቦታ መልሳ ስታስተያያቸው ክው አለች። ግራው የወጣው ከቀኝ መስመር፣ ቀኙ ከግራ ነው! እግሩን አጠላልፎ የሚራመድ ፍጡር? ለአፍታ የሚባለው ሁሉ እውነት መሰላት፤ ቁጭ አለች። ቁጭ ብላ ጀሶውን በጣቷ ስትዳስስ ከጣቶቹ ፊት የጥፍር ጫፍ አገኘች። ትልቁ ጣት በውጭ፣ ትንሹ በውስጥ፣ ጥፍሩ እንዲህ የረዘመ። «ድብ!» አለች ጮክ ብላ። «ወይኔ፣ የሰው እግር መስሎኝ!» ብቻዋን እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

ግን የትኛው ድብ ነው ይህን መሬት እንዲህ የሚጎደጉድ? ጀሶውን ወደ ማማው ወስዳ ብታሳየው ጠባቂው አገላብጦ፣ «ይህን ያህል የሚከብድ ድብ አልተፈጠረም» አላት። አንድ ድብ ብቻ ቢሆን እውነቱን ነበር ብላ አሰበች። የድንጋይ ደረጃ መሀሉ የሚሰረጉደው ግን ከባድ ሰው ስለወጣበት አይደለም፤ ብዙ ሰው ስለተመላለሰበት ነው። ተመልሳ ዱካውን ተከትላ እናቷ እስከነገሯት ጥድ ሄደች። ቅርፊቱ ተልጦ ሙጫው ላይ ቡናማ ፀጉር ተጣብቋል። ከዛፉ ወዲያ ያለው አለት ነው፤ አለት ላይ ደግሞ ዱካ አይቀርም።

ይህን ሁሉ ለእናቷ ብትነግራቸው «እሺ» ብለው ሹራብ እንደሚያጥፉ ታውቃለች። ስለዚህ በማግስቱ ከሰዓት ደግፋ ማማው ላይ አወጣቻቸው። እናቷ እሺ ያሉት ረጅሙን ልሰናበተው ብለው ነው። ጠባቂው አቅራቢ መነጽሩን ሰጣቸው፤ ሦስቱም ቁልቁል መንገዱን እያዩ ተቀመጡ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድቧ መጣች። ከቁጥቋጦው ስትወጣ ኮሽታ እንኳ አልነበራትም። ያን የሚያህል ገላ ይዛ እግሯን ቀስ ብላ አነሳች፣ አሮጌው ጉድጓድ ውስጥ አሳረፈች፣ ሲጋራ በጫማው እንደሚያጠፋ ሰው አዟዟረችና ወደሚቀጥለው አለፈች። አንዱንም አልሳተችም። ጥዱ ጋ ስትደርስ በሁለት እግሯ ቆመች። አቤት ቁመቷ! ጀርባዋን ለግንዱ ሰጥታ ስትታከክ ዛፉ ከነጫፉ ተወዛወዘ።

«ረጅሙ» አለ ጠባቂው ባፉ ውስጥ።

ከኋላዋ ግልገል ነበረች። ጉድጓዶቹ ይራራቁባታል፤ አንዱ ውስጥ ትገባና ወደሚቀጥለው ትዘላለች፣ ትወድቃለች፣ ተመልሳ ትሞክራለች።

«እናቷም ትንሽ ሆና እንደዚሁ ትዘል ነበር» አለች ጫማ ሰሪዋ በሹክሹክታ። «የእናቷም እናት፣ የእሷም እናት። አንዷ ከሌላዋ ዱካ ሳትወጣ። እኛ ፈርተን ስለራቅንላቸው ሰላም አገኙ፤ ስለራቅን ደግሞ አላየናቸውም። ያን ቀን የረገጥሽው የስንት ዘመን እግር እንደሆነ እንጃ።» ይህን ስትል ገላዋን ውርር አደረጋት። ከረጅሙ ይልቅ ይህኛው ገረማት።

እናቷ መነጽሩን ከዓይናቸው አወረዱ። «እና አልተጠራሁም በይኛ።»

ጫማ ሰሪዋ እፎይታ ነበር የጠበቀችው። ፊታቸው ላይ ያየችው ግን ሌላ ነው።

«ደስ አይልሽም፣ እማዬ?»

«አባትሽ ከሞተ ወዲህ ነዪ ብሎ የጠራኝ የለም» አሉ እናቷ። «የጫካ አውሬም ቢሆን፣ ጠራኝ ስል ልቤ ሞቅ አለ። ጅል ነኝ።»

ጫማ ሰሪዋ የከተማውን እግር ሁሉ ስትለካ ትውላለች፤ ከዚህ ወሬ በፊት የእናቷን ደጅ መጨረሻ የረገጠችው መቼ እንደሆነ ግን ማስታወስ አቃታት።

«እኔ ጠራሁሽ» አለች። «ዛሬ እኔ ጋ ነዪ። ነገም። ከነልብስሽ ነዪ።»

«የቱን ልብስ? በትኜው የለ!»

«እንለቅመዋለን። ተነሺ።»

እናቷ ግን አልተነሱም። መነጽሩን መልሰው አንስተው፣ በሌላው እጃቸው የልጃቸውን እጅ ያዙ።

«ቆይ» አሉ። «ትንሿ ዛፉ ጋ ትድረስ መጀመሪያ።»

ግልገሏ ገና ብዙ ጉድጓድ ይቀራት ነበር። ሦስቱም ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ጠበቋት።