የአጠይብ ድምፅ

ክልል ስድስት ገና ስም እንጂ ወንበር አልነበረውም። አሶሳ ላይ የባህል ቢሮ የሚባለው አንድ ክፍል ሲሆን፣ በውስጡ ሁለት ጠረጴዛና አራት ኃላፊ ነበር። ጠረጴዛ ከደረሳቸው አንዱ አቶ ቸሩ ነው። ከጎጃም በመምህርነት መጥቶ፣ ዘፈን ይወዳል ስለተባለ ወደ ባህል የተዛወረ ሰው። አዲስ ለሚቋቋመው የኪነት ቡድን አንድ ድምፃዊ በቋሚነት እንዲቀጥር ታዝዟል። አንድ ብቻ።

ኢዘዲን ያን ቦታ ፈልጎታል። መፈለግ ሲባል እንዲሁ አይደለም፤ ሦስት ቀን እህል አልበላ ብሎት ነበር። ጊታር የተማረው በወታደር ኪነት ውስጥ ነው። ጦሩ ሲበተን ሌላው ክላሹን ይዞ ሲሄድ እሱ ጊታሩን ይዞ ሄደ። ድንበር ተሻግሮ ደማዚን ከተማ ላይ በበርታ ቋንቋ ራሱ የደረሳቸውን ስምንት ዘፈኖች በአንድ ቴፕ ቀዳ። ካሴቱ ከእሱ ቀድሞ አገር ገባ። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ለሠርግ ሲዞር ሠላሳ አራት ዓመቱን ያዘ። ሚስቱ ሀምዲያ በዚህ ወር ትወልዳለች።

ቸሩ አንድ ሐሳብ መጣለት። «ያን ታዋቂውን ዘፈንህን በክልሉ በዓል ላይ ከዙምባራ ጋር ብትጫወተውስ? የቅጥር ኮሚቴው እዚያው ይፈርማል፤ በእኔ ይሁንብህ።»

ኢዘዲን እሺ አለ።

ዙምባራ ከቅል የተቀጣጠለ ረጅም መለከት ነው። አንድ ሰው አንዲት ድምፅ ብቻ አለችው፤ ተራው ሲደርስ ያቺን ነፍቶ የሌላውን ይጠብቃል። አሥራ ሁለት ሰው ሆነው አንድ ዜማ ይወጣቸዋል። አንዱ ሲሞት መለከቱ በጨርቅ ይጠቀለላል፤ ከቤቱ ሰው እስኪያነሣው ድረስ ቦታው አይሞላም። ዜማው ክፍተቱን ይዞ ይዞራል። ኢዘዲን አሥራ ሁለቱንም ድምፅ በጊታሩ ላይ አስቀምጦ ነው ዘፈኑን የሠራው። ስምንተኛዋ የአባቱ የአጠይብ ነበረች። ሲቀዳ አባቱ መሞቱን አልሰማም ነበር። በአባቱ አገር በመንጌ ግን የዙምባራው ሰዎች አጠይብን ቀብረው በሦስተኛው ሳምንት፣ በዝምታ የሚያልፉትን ቦታ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ የኢዘዲን ካሴት ሲሞላው ሰሙ።

በበዓሉ ጧት የቀሩት አሥራ አንዱ ነፊዎች ከመንጌ በአይሱዙ መጡ። መሪያቸው ሽማግሌው ኻሚስ ሁለት መለከት ይዟል፤ የራሱንና አንድ የተጠቀለለ።

«አጎቴ፣ እንኳን ደህና መጣህ» አለ ኢዘዲን በበርታ።

«የመጣነው ለአንተ አይደለም። የተጠራው ዙምባራ ነው።» ኻሚስ ጥቅሉን ወደ እሱ ገፋ አደረገው። «ታነሣዋለህ?»

መለከት ያነሣ ሰው የዙምባራው ወቅት እስኪዘጋ ከመንደር መንደር አብሮ ይዞራል። ሁለት ወር ነው። ሥራው ሰኞ ይጀመራል።

«አሁን አልችልም፣ አጎቴ።»

«እንግዲያው ቦታው ክፍት ነው። ጣትህን እዚያ አታስገባ።»

«ያን ጊዜ እኮ አላወቅኩም ነበር...»

«አላወቅክም። ስለዚህ መጣን። አውቀህ ቢሆን የሚመጣ ነበር?»

ከሜዳው ጀርባ ተለማመዱ። በሁለተኛው ዙር የኢዘዲን ጣት ከልማዱ ስምንተኛዋን ነካች። አሥራ አንዱ እኩል ቀጥ አሉ።

«ምነው? ምን ሆኑ?» አለ ቸሩ።

ኻሚስ በአማርኛ መለሰለት። «እዚህ ጋ እሱ ጊታር ዝም ትበል። ሰውዬው ሞቷል።»

«የቱ ሰውዬ?» አለ ቸሩ። ከዚያ ኢዘዲንን ወደ ጎን ሳበው። «ስማ ወንድሜ፣ ሐዘኑ ይገባኛል። ግን መሐል ላይ እንዲህ ቆም እያለ የሚዘልል ዘፈን ለኮሚቴ አይቀርብም። ጊታሩ ተበላሸ ነው የሚሉት። ከአንተ ቀጥሎ ሦስት ሰው አለ፤ አንዱ ኪቦርድ አለው።»

ከቀትር በኋላ ሜዳው ሞላ። ኮሚቴው ጥላ ሥር ተደረደረ። ኢዘዲን መዝፈን ጀመረ፤ ዘፈኑ ጉልበቷ እስኪደነዝዝ ወርቅ ስለምታጥብ ሴት ነው። በመጀመሪያው ዙር ስምንተኛዋን አለፋት። የተፈጠረው ዝምታ በሜዳው ላይ ጉድጓድ መሰለው። በሁለተኛውም አለፋት። ከኮሚቴው አንዱ ወደ ጎረቤቱ ጎንበስ ብሎ የሆነ ነገር አለ። በሦስተኛው ሲያልፋት ቸሩ ከመድረኩ ሥር ጣቱን በአየር ላይ እንደ ክራር መቺ አወዛወዘለት፤ ሙላው፣ ሙላው እንደ ማለት። ጥላው ሥር ያለው ሰው እስክሪብቶውን ከደነ።

በአራተኛው ዙር ሞላት።

እንደ ጧቱ ጣቱ አምልጦት አይደለም። ድምፅዋ ጥርት ብላ ወጣች። አሥራ አንዱ እኩል መለከታቸውን ከአፋቸው አወረዱ። ኢዘዲንም መጫወቱን አቆመ። ጭብጨባው ፈነዳ። ኮሚቴው ተነሥቶ አጨበጨበ። እስክሪብቶውን ከድኖ የነበረው ሰውዬ መልሶ ከፈተው።

«አጨራረሱ!» ቸሩ መድረክ ላይ ዘሎ ወጣ። «አጨራረሱን አያችሁት? አሥራ አንድ ሰው ባንዴ! ይሄን የት ነው ያጠናችሁት?»

ኢዘዲን ጊታሩን እንዳነገተ ወደ አይሱዙው ሮጠ። ሰዎቹ መለከቶቹን ሣር ላይ እያጋደሙ ይጭናሉ። አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩትም።

«አጎቴ...»

ኻሚስ የተጠቀለለውን በሁለት እጁ ይዟል። «የካሴቱን አላወቅክም» አለ። «የዛሬውንስ?»

ኢዘዲን የሚዋሸው ነገር ፈለገ። አላገኘም።

«አውቄ ነው። ሥራው እንዳያመልጠኝ ፈርቼ።»

ኻሚስ ራሱን ነቀነቀ። የተቆጣ አይመስልም ነበር፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «መለከቱን ለወንድምህ ልጅ እሰጠዋለሁ። አላህ አጠይብን ይርሐመው» አለና መኪናው ላይ ወጣ። አንዱ የመኪናውን ጎን በመዳፉ መታ፤ አይሱዙው በመንጌ መንገድ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ።

ቸሩ እያለከለከ ደረሰ። «ተፈርሟል! እንኳን ደስ ያለህ! ሐሙስ ከፌዴራል እንግዳ አለብን፤ በዚሁ አጨራረስ ነው የምናቀርበው። ሽማግሌዎቹ የት ሄዱ?»

«ሄዱ። አይመጡም።»

«እንዴ!» ቸሩ አቧራውን አየ፤ ከዚያ ጊታሩን አየ። «ብቻህን ትችለዋለህ?»

ኢዘዲን አሥራ ሁለቱን ድምፅ የያዘውን ጊታር ከትከሻው አወረደ።

«እችለዋለሁ» አለ። እውነቱን ነበር።