እማማ የታቀፉት የፔሪ ሳጥን

ባሌ ሕሩይ መጽሐፍ ከያዘ ቤታችን ሰላም የለውም። አንድ ሰሞን ስለ ንብ እርባታ ነበር፤ ከዚያ ስለ አናጢነት። ካለፈው ዓመት ወዲህ ሳይደር ሆኗል። ሳይደር ከፖም የሚጣል መጠጥ ነው፤ ፒር ከሚባለው የፖም ዘመድ ፍሬ ሲጣል ፔሪ ይሉታል። በስደት በምንኖርበት ሞንትቤሎ ሰፈር ያለው ቤታችን ጓሮ ውስጥ አንድ ያረጀ የፒር ዛፍ አለ፤ ፍሬው አፍ ስለሚያደርቅ ወፍ እንኳ ንቆት ነበር። ሕሩይ ግን አንድ ወፍራም መጽሐፍ ላይ «የማይበላ ፒር ጥሩ ፔሪ ይወጣዋል» የሚል አነበበና አለቀልን። ያንን መጽሐፍ ሌላ ተከተለው፣ ሌላውን ሌላ። ሶፋው ላይ መቀመጫ አጣሁ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ እናቱ እማማ ፀሐይነሽ፣ መጽሐፎቹን ገፋ አድርገው ሲቀመጡ።

እማማ ደሴ ላይ ጠጅ ጥለው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። እኛ ጋ ከመጡ ወዲህ እጃቸው ሥራ ፈትቷል፤ ሥራ የፈታ እጅ ደግሞ ያሳዝናል። ጠጅ በመጽሐፍ ይጣላል ሲባል ይስቃሉ፤ ሰው ሳያያቸው ግን መጽሐፎቹን ገለጥ እያደረጉ ሥዕሉን ያያሉ። ሕሩይ በጸደይ ፔሪውን ጠርሙስ ውስጥ ከቶ ከቤቱ ሥር ያለው ቤዝመንት ሲያስቀምጥ አንዱን አስቀመሳቸው። ፊታቸው ተኮማተረ።

«ይሄ ኮምጣጤ ነው። ማር ጎድሎታል።»

«እማዬ፣ በቃ እንዳትነኪው። ይሄ ሳይንስ ነው» አላቸው።

ሳይንስ የምትለዋን ባይጨምራት ጥሩ ነበር።

እኔና እማማ ደግሞ ሌላ ነገር አለን። እኔና ሕሩይ ሽማግሌ ሳይላክ፣ ማዘጋጃ ቤት ፈርመን ነው የተጋባነው። ፎቶ ላክንላቸው፤ ያን ፎቶ እስከ ዛሬ አልዋጡትም። አይሰድቡኝም፣ ክፉ አይናገሩኝም። በዓል ሲሆን ግን የቤቱን ሰው ሁሉ መርቀው እኔ ጋ ሲደርሱ ነጠላቸውን ማስተካከል ይጀምራሉ። ግድ የለኝም እላለሁ፤ ውሸቴን ነው።

በሰኔ አንድ ቅዳሜ የሕሩይ ታናሽ ወንድም ንዋይ የሚያገባት የሀና ቤተሰቦች ሴንቴኒያል ከተማ ያለው ቤታቸው ምሳ ጠሩን። ንዋይ እንደ ወጉ ሽማግሌ ልኮ፣ ሽማግሌዎቹም እሺ ተብለው ነበርና እማማ ደስታቸው ሌላ ነው። ከሥራ ስመለስ የቤተ ክርስቲያን ወዳጃችን ተክለሚካኤል በመኪናው ቀድሞ ወስዷቸዋል። ሕሩይ ሸሚዙን እየተኮሰ፣ «መቅዲ፣ ፔሪውን ከታች አምጪልኝ» አለኝ።

ወረድኩ። ጠርሙሶቹ የነበሩበት ቀዝቃዛ ጥግ ባዶ ነው። ዞር ስል የውሃ ማሞቂያው አጠገብ የእማማ ብርድ ልብስ ተነጥፏል፤ ዙሪያው የጠርሙስ ስብርባሪ ነው። አንድ ስባሪ ጣሪያው ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። ቤዝመንቱ በማር ሽታ ታፍኗል። ከሳጥኑ ተርፎ የቀረና እሳቸው ከወጡ በኋላ የፈነዳ የአንድ ጠርሙስ ስብርባሪ መሆን አለበት፤ ሌሎቹ ከነሳጥናቸው የሉም። ትልቁ የማር ዕቃ ደግሞ ባዶውን ደረጃው ሥር ተቀምጧል።

ሕሩይ ወርዶ ሲያይ ደሙ ከፊቱ ጠፋ። ሮጦ ወጥቶ ወፍራሙን መጽሐፍ ይዞ መጣና አንድ ገጽ ገልጦ አሳየኝ። ሥዕሉ ላይ አንድ እጅ በማንኪያ ስኳር ጠርሙስ ውስጥ ይጨምራል።

«ይሄን አይታ ነው። በሻይ ማንኪያ፣ ያውም ለክታችሁ የሚለው ከሥሩ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። እሷ በሲኒ ነው የምትለካው።»

«ታዲያ ጠጅም ማር ይጨመርበት የለ?»

«ጋን ይተነፍሳል፣ መቅዲ። ይሄ ክዳኑ በመሣሪያ የሚጠበቅ ጠርሙስ ነው፤ ከፍታ ማሩን ጨምራ መልሳ ጠብቃዋለች። ማሩ ሲፈላ መውጫ የለውም። ጭራሽ ሙቀት ላይ አስቀምጣ አልብሳዋለች።» ገጹን ገለበጠ። ቀጥሎ ያለው ገጽ በቀይ የተከበበ ነበር፤ አትነቅንቁ፣ አታሙቁ፣ ፊታችሁን ሳትሸፍኑ አትጠጉ ይላል። «ዓይን ያወጣል» አለኝ። 

የእማማ ስልክ ላይ ደወልን፤ ኩሽና ውስጥ ቻርጅ ላይ ሆኖ ጮኸ። ተክለሚካኤል ጋ ደወልን። በስፒከር አነሳው።

«ተክሌ፣ እማዬ ሳጥን ይዛለች?»

«አዎ፣ ከኋላ ታቅፈውታል። ዕቃ መጫኛው ውስጥ ላድርግልዎት ብላቸው ይናወጣል ብለው እምቢ አሉ። ኤሲው ደግሞ ተበላሽቶብኝ በላብ አልቀናል።»

«እማዬ! ሳጥኑን አስቀምጪው!» ሕሩይ ጮኸ። መጮህ አልነበረበትም።

 ከዚያ የእማማ ድምፅ ከሩቅ መጣ፤ «ሊያሳፍረኝ ነው። ማሬን ሊደፋብኝ ነው። ዝጋው ያንን ስልክ።»

«ተክሌ፣ ኢሊፍ መንገድ ጋ ከአውራ ጎዳናው ውጣና ሰው የሌለበት ፓርኪንግ ፈልግ። ቀስ ብለህ ንዳ፣ እየመጣን ነው» አልኩት እኔ።

መከላከያ እንዲሆን የሕሩይን የብርድ ካፖርትና የበረዶ መንሸራተቻ መነጽር መኪና ውስጥ ወርውረን ወጣን። ያን መንገድ እንዴት እንደነዳሁት አላስታውስም። አስፋልቱ ከሙቀት ብዛት ይንቀጠቀጣል። ሕሩይ መጽሐፉን ጭኑ ላይ አድርጎ ያንኑ ገጽ ደጋግሞ ያነባል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እሳደብ ነበር። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ጭናቸው ላይ ነው፣ ፊታቸው ደግሞ ከሳጥኑ በላይ ነው። አስጠሉኝም አናደዱኝም፣ እኚያ ዓይኖች እንዲጠፉ አልፈልግም ነበር።

ተክለሚካኤል አንድ የተዘጋ ሱቅ ፓርኪንግ ውስጥ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። የኋላው በር ተከፍቷል። እማማ በአዲስ የሐበሻ ቀሚሳቸው ሳጥኑን በሁለት ክንዳቸው እቅፍ አድርገው ተቀምጠዋል፤ አገጫቸው ክዳኖቹን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«እማዬ፣ ይፈነዳል። ስጪኝ» አለ ሕሩይ። ለመቀበል እጁን ሲዘረጋ ወደ ራሳቸው ሳቡት። ጠርሙሶቹ ተንቃጨሉ። 

«ሠላሳ ዓመት ስጥል ማን ፈነዳበት? እናንተ አገር መጥቼ የማውቀውን አንድ ነገር ሠራሁ። የወንድምህ አማቶች ፊት ባዶ እጄን ልግባ? አልሰጥም።»

ሕሩይ መጽሐፉን ገልጦ ሊያሳያቸው ሞከረ። ፊታቸውን አዞሩ። ቢታገላቸው ሳጥኑ ይናወጣል፤ ብንከራከር ሙቀቱ ይጨምራል። አንዱ ክዳን ጥግ ላይ አረፋ ብቅ ሲል አየሁ።

እንዴት እንደመጣልኝ እንጃ። አስፋልቱ ላይ ተንበረከክሁ፤ በቀሚሴ አልፎ ጉልበቴን አቃጠለኝ።

«እማማ» አልኳቸው፣ «ምሳው ቤት ከመግባታችን በፊት ይመርቁኝ።»

ዞር ብለው አዩኝ።

«ምን አልሽ?»

«ንዋይና ሀና ወግ አላቸው። እኔ ወግ የለኝም። እዚያ ቤት ያልተመረቅሁ ምራት ሆኜ አልገባም። ይመርቁኝ።» የጀመርኩት ለብልሃት ብዬ ነበር። እንባዬ መጣ፤ እሱ ብልሃት አልነበረም።

እማማ አገጫቸውን ከክዳኖቹ ቀና አደረጉ። 

«ዕቃ ታቅፎ ምርቃት አለ እንዴ» አሉና ሳጥኑን ወደ ልጃቸው አነሱት። «ያዝ። አደራ፣ አትድፋው።»

ሕሩይ ካፖርቱን ለብሶ፣ መነጽሩን አድርጎ ነበር። ሳጥኑን ከእጃቸው ተቀብሎ ዞረ። እማማ ከመኪናው ወርደው መዳፋቸውን ዘረጉ። እኔም ዘረጋሁ። ከጀርባዬ የባሌ እርምጃ ይሰማኛል፤ ቀስ፣ ቀስ፣ ወደ ቆሻሻ መጣያው የድንጋይ አጥር። አሁን ደግሞ ፊቱ ከሳጥኑ በላይ የሆነው እሱ ነው። ዞሬ ማየት አልችልም።

«ከክፉ ይሰውርሽ።»

«አሜን።»

«ቤትሽን ይባርክልሽ፣ ጎጆሽን ያሙቅልሽ።»

«አሜን።» እርምጃው ቆመ። ሳጥኑን ከአጥሩ ጀርባ እያስቀመጠ ነው። አምላኬ፣ ቶሎ በል።

«ወልደሽ ሳሚ፣ ዘርተሽ ቃሚ።»

«አሜን» ስል የሚሮጥ እግር ሰማሁ፤ ወዲያው ፓርኪንጉን የሚያናውጥ ድምፅ ፈነዳ። አንዱ ሌላውን አስነሳው፤ ጠርሙስ በአጥሩ ላይ ሲዘንብ ይሰማል። ተክለሚካኤል መኪናው ሥር ተኝቷል። ሕሩይ መሬት ላይ በደረቱ ወድቆ ነበር፤ ተነሳ፣ መነጽሩን አወለቀ። ሁለቱም ዓይኖቹ አሉ። የማር ሽታ በሙቀቱ ላይ ተንሳፈፈ።

እማማ የተዘረጋ እጃቸውን አላወረዱም። አጥሩን አዩ፣ ጭናቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ቀሚሳቸው ላይ ሳጥኑ የነበረበት ቦታ ረጥቧል።

«ለዚህ ነው የጠየቅሽኝ?»

ልዋሽ እችል ነበር። «አዎ፣ እማማ። ሳጥኑን እንዲለቁልኝ ነው» አልኩ፣ ለመነሳት አንድ ጉልበቴን እያነሳሁ።

ትከሻዬን ያዙና መልሰው ተጫኑኝ። 

«ተቀመጪ፣ ልጄ። አልጨረስኩም።»