ከሦስተኛው ዘፈን በፊት

«እስቲ ድገሚው» አላት ቀጭኑ፣ አንድ እጁን ኪቦርዱ ላይ እንዳሳረፈ። «‹የልጄ ከንፈር ጠቆረ› ስትዪ እኔ ቀስ ብዬ እገባለሁ። ከዚያ ዝም ትያለሽ። አራት ቆጥሬ አነሳዋለሁ።»

ቀጭኑ የሚሉት ድሮ ቀጭን ስለነበረ ነው፤ ዛሬ ሲቀመጥ ወንበሩ ይጮኻል።

አጃቢ ድምፃዊቷ ማይክራፎኑን አስጠግታ ደገመችው። ቡድኑ የልብ ሕመም ላለባቸው ሕፃናት ማሳከሚያ እየዘፈነ ከከተማ ከተማ ሲዞር፣ እሷ ሁልጊዜ ከሦስተኛው ዘፈን በፊት ይህን ትናገራለች፦ ልጇ እንዴት ታማ እንደነበር፣ ትምህርት ቤት አዝላት ትሄድ እንደነበር፣ በኋላም በሰዎች መዋጮ ታክማ እንደዳነች። ሰው ያለቅሳል፤ ካለቀሰ በኋላ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ያ ሁሉ ጭንቀት ለሌላ ሰው ልጅ መትረፉ ደስ ይላታል። ጉዞው ዛሬ የሚያልቀው ደግሞ በገዛ ከተማዋ ነው።

«እማ፣ በየከተማው የምትናገሪው ይሄንን ነው?»

ልጇ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች በሩ ላይ ቆማለች። እናቷ ስትዞር አክስቷ ቤት ስለነበረች ሰምታው አታውቅም።

«አዎ የኔ እናት። ምነው?»

«ክፍላችን በሙሉ ይመጣል።»

«ታዲያ ደስ አይልም?»

«ይላል። ግን እንደታመምኩ አያውቁም እኮ፤ እዚህ ትምህርት ቤት የገባሁት ከዳንኩ በኋላ ነው። ነገ ኳስ የሚያቀብለኝ የለም፤ ‹አንቺ አረፍ በዪ› ነው የሚሉኝ።»

እናት ሳቋ መጣ፤ የልጅቷን ፊት ስታይ ዋጠችው።

«ውሸት ተናገርኩ እንዴ?»

«እውነት ነው። ግን የኔ ነው።»

ይህን ጊዜ የጉዞው አስተባባሪ ገመድ እየጠቀለለ መጣ። «ልጅት መጣሽ? እህቴ፣ ለምን መድረክ ላይ አናወጣትም? ሰው በዓይኑ ሲያይ ሌላ ነው።» ክፉ ሰው አይደለም። የሕክምና ተራ የሚጠብቁት ሕፃናት እናቶች ሲደውሉ ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው።

«አትወጣም።»

«እሺ፣ ንግግሩ ግን አይቀርም አይደል? እሱ ከቀረ ባዶ የመዋጮ ሳጥን ይዘን ነው የምንገባው።»

ማይክራፎኑን ማቆሚያው ላይ መለሰችው። የራሷም ልጅ የዳነችው እንዲህ ባለ ሳጥን ነው።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ዚፕ ከኋላ እየሳበች፣ «ጠቦሻል» አለቻት።

«አልጠበበኝም፤ ልብሱ ነው ያኮረፈኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ልጅቷ፣ «እሱን ስትናገሪ እኔ ውጭ እቆያለሁ። ችግር የለውም» አለች።

እናትን የከበዳት ያ «ችግር የለውም» ነው።

አዳራሹ ሞላ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዘፈኖች ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ጨፈረላቸው። ከዚያ መብራቱ ደበዘዘ፤ ቀጭኑ ዜማውን አለሳለሰ። ልጇ ከጓደኞቿ መሃል ተነሥታ ወደ በሩ ስታመራ፣ እናት ከመድረክ አየቻት።

«ልጄ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። መለሰችው።

«እዚህ ከተማችን ሆስፒታል፣ ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ» አለች። «አንዲት እናት፣ በአንድ እግሯ ጥቁር በአንዱ ቡናማ ጫማ አድርጋ ተቀምጣበት ነበር። ነርሷ እስክታሳያት ድረስ አላወቀችም።»

ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ። ልጅቷ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ነገ ጠዋት ሌላ እናት ትቀመጥበታለች። የቀዶ ሕክምና ተራው ሩቅ ነው፤ እናንተ ታቀርቡታላችሁ። ሳጥኖቹ በየረድፉ ይዞራሉ።»

የሚታወቀው ቦታ ላይ አልደረሰችምና ቀጭኑ ግራ ገባው። አንገቱን ወደ እሷ አስግጎ፣ «ዝምታውስ?» አላት በሹክሹክታ። አስተባባሪው ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኗል። ልጇ ከበሩ ተመልሳ፣ የጓደኞቿን ጉልበት እየተሻገረች ወደ ቦታዋ ትገባለች።

«ዝምታ የለም» አለችው፣ ማይክራፎኑን በእጇ ሸፍና። «ፈጣኑን ጀምር። ሰዉ እየጨፈረ ይስጥ።»