የጥሩሐረግ ስምንተኛ እልልታ

በሰቆጣ እልልታ ከተባለ ጥሩሐረግ ነኝ። ጉራ አይደለም፤ ሰርግ ሲደገስ ከሙሽራው በፊት የምጠራው እኔ ነኝ።

አንድ ማለዳ ፊቴን ስታጠብ ውሃው በግራ ከንፈሬ ዳር ተንጠባጠበ። መስታወት ባይ አፌ ወደ ቀኝ ተጣሟል፤ ግራ ዓይኔም አልከደን ብሏል። ጎረቤቴ ጸሐይነሽ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ይዛ መጣች። ነፍሰ ጡሯ ልጄ ምሕረት ግን አልሰማቻትም፤ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ኪኒን ሰጡኝና ያለምዘውድ ለምትባል ፊዚዮቴራፒስት አስረከቡኝ።

«ልጄ ምሕረት ከስምንት ዓመት ጥበቃ በኋላ ነው ያረገዘችው» አልኳት። «ስትወልድ እልል የምለው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እልል ቢል እሞታለሁ!»

«አይሞቱም፣ እማማ። መስታወት እያዩ ቅንድብዎን ያንሱ፣ ከንፈርዎን ያሞጥሙጡ። ቀስ ብለው፣ ትንሽ ትንሽ። እንዳያስገድዱት!»

ትንሽ ትንሽ? እኔ? ጓሮ ገብቼ ቀኑን ሙሉ አፌን ስጎትት ከረምኩ። የሚወጣው «ፍፍፍ» ብቻ። ጸሐይነሽ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «አይዞሽ፣ እልልታውን ለእኔ ተይው» አለችኝ። ጀርባዬን ሰጥቻት መጎተቴን ቀጠልኩ።

ከወራት በኋላ ከንፈሬ መንቀሳቀስ ጀመረ። ግን ጉድ መጣ፤ አፌን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ግራ ዓይኔ ይጨፈናል።

ያለምዘውድ ተቆጣች። «እማማ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ! ነርቩ መንገዱን ስቷል። አሁን ዓይንዎን ሳይጨፍኑ፣ በጣም ትንሽ ፈገግታ ብቻ ይለማመዱ።»

አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ ጉንጬን በጣቴ እያሸሁ፣ መስታወቱ ፊት የስንዴ ፍሬ የምታህል ፈገግታ ስፈልግ ሰነበትኩ። ለእኔ ከማረስ ይልቅ መታገሡ ከበደኝ።

ምሕረት ምጥ የያዛት ዕለት ጸሐይነሽ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቀድማኝ ቆማለች። ነርሷ ብቅ ብላ «ሴት ናት! ሁለቱም ደኅና ናቸው» አለች። ጸሐይነሽ አፏን ልትከፍት ስትል «ወግጂ!» አልኳት።

«እልልልልል!»

ጥርት ብሎ ወጣ! ዓይኔም አልተጨፈነ፤ የጸሐይነሽን ድንጋጤ በሁለቱም ዓይኔ አየሁት። በእኛ ወግ ለሴት ሦስት፣ ለወንድ ሰባት ነው። ሦስቱን ጨረስኩ። ታዲያ ማን ያስቁመኝ? አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት!

ደጅ የሚጠብቁት ዘመዶች «እሰይ፣ ወንድ ነው!» ብለው ጮኹ።

«አንቺ ሴትዮ» አለች ጸሐይነሽ፣ «ነርሷ ሴት ናት ስትል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ» አልኳት እንባዬን እየጠረግሁ። «ለእሷማ ሰባትም ያንሳታል!»

ስምንተኛውን አቀለጥኩት።