ከአምስት ሰዓት ወዲህ

ወይዘሮ እታገኝ የምሳ ዕቃውን በነጠላቸው ጠቅልለው የቁጠባ ማኅበሩ ደጅ ሲደርሱ፣ ሰው ከመስኮቱ እስከ ባጃጆቹ መቆሚያ ድረስ ተሰልፎ አገኙት። ሰልፉ ካልተንቀሳቀሰ የልጅ ልጃቸው ሥራ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ሰልፉን አልፈው ሲገቡ ዝናሽ ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጣለች። ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፤ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ፊደል ብቻ። የጻፉለትን ትዕዛዝ ያደርጋል፤ «እርግጠኛ ነሽ ወይ?» ብሎ እንኳ አይጠይቅም። ከእሷ በፊት የነበረው ልጅ አንዲት መስመር ተሳስቶ ጽፎ ነው የተባረረው። እታገኝ ይህን ከሰሙ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም።

«አምስት ሰዓት ላይ መብራት ብልጭ ሲል ደርቆ ቀረ፣ እምዬ» አለች ዝናሽ ዞር ሳትል። «ከዚያ ወዲህ የገባው ሁሉ ግማሹ ተመዝግቦ ግማሹ ቀርቷል። እሱን ካልሰረዝኩ አይነሳም።»

«ሰርዢዋ!» አለ ከኋላዋ የቆመው ሥራ አስኪያጁ ገበያው። «ባለቤቶቹ እንደሁ እዚሁ ተሰልፈዋል፤ እንደገና እንመዘግባቸዋለን።»

«የጧቶቹስ?» አሉ እታገኝ። «ሸጌ ማሯን ሸጣ ያስገባችው?»

«የጧቱ አይነካም።»

«ደግ። እሷማ ይሄኔ የሰሃላን መንገድ ተያይዛዋለች። አንዴ ከጠፋባት በምን እግሯ ትመለሳለች!»

«እማማ፣ እዚህ መግባት ክልክል ነው» አለ ገበያው።

«ልጄን ማስራብስ አልተከለከለም?»

«ኧረ ያብሏት፣ ጠግባ ትፍጠንልን!» አለ ከሰልፉ አንዱ።

ዝናሽ ትዕዛዙን ጽፋ ጨረሰች። ጫፉ ላይ 5:00 ይላል። ጣቷ መላኪያው ቁልፍ ላይ አረፈ።

«ስድስት ሰዓት አልፏል እኮ! አፈር ስሆን፣ አንድ ጊዜ ጉረሽ።»

«እምዬ፣ አሁን አይሆንም! ስድስት ሰዓት ቢያልፍስ...»

ዓይኗ ገጹ ጥግ ላይ ካለው ሰዓት ላይ ወደቀ። 12:14። እጇን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበች።

«ምን ሆንሽ? ምን ነካሽ?»

«በኛ ሰዓት ጻፍኩለት» አለች። «እሱ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። የሱ አምስት ገና ሳይነጋ ነው። የዛሬን ሁሉ ከሥሩ ሊጠርገው ነበር።»

ገበያው ግንባሩን ጠረገ። «እኔም ቆሜ እያየሁ...» አለ።

ዝናሽ አምስቱን አጥፍታ 11:00 ብላ ጻፈች። አንዴ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ተጫነችው።

ጥቁሩ ገጽ ዝም አለ። እታገኝ የምሳ ዕቃውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ቆሙ። ከዚያ ነጩ ፊደል ተራ በተራ ይወርድ ጀመር።

«ሸጌ አለች» አለች ዝናሽ። «ሁሉም የጧት ሰው አለ።»

እታገኝ ካርቶን ላይ ዘፍ አሉ። ክዳኑን ከፈቱና ወጡ የፊደል ቁልፎቹ ላይ እንዳይንጠባጠብ በሌላው እጃቸው ከሥር ደግፈው አጎረሷት።

«እስክትውጪ ድረስ» አሉ፣ «ምንም እንዳትጽፊ።»