የእንግዳው ድርሻ

የላዛሮስ ቢላ ኬኩ ውስጥ ካለ ጠንካራ ነገር ጋር ተጋጭቶ ተገታ። የግሪኮች አዲስ ዓመት በሆነው በቅዱስ ባስልዮስ ዕለት እንደሚደረገው ለክርስቶስ፣ ለእመቤታችን፣ ለቤቱ ቆርጦ አሁን በር ለሚያንኳኳ መንገደኛ የሚቀመጠውን የእንግዳውን ድርሻ እየቆረጠ ነበር። ኬኩ ውስጥ የሚጋገረው፣ ለደረሰው ሰው የዓመቱ ዕድል የሚባለው ሳንቲም ጠርዙ ብልጭ ብሎ ታየ።

"ዘንድሮም ዕድላችንን መንገደኛ ወሰደው" አለ እየሳቀ። የቤተሰቡን ድርሻ ቆርጦ እንደጨረሰ ስልኩ ጮኸና የቮሎስን ወደብ ወደሚያሳየው በረንዳ ወጣ።

እናቱ ፖሊክሴኒ ጊዜ አላጠፉም። ሳንቲሙን ፈልቅቀው የስምንት ዓመት የልጅ ልጃቸው የሚርቶ ቁራሽ ውስጥ ወሸቁት። "እንግዳው ይቅር ይለናል። አንቺም ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ።"

የሚርቶ እናት አሲሚና ግን ሳቅ አልመጣላትም። ባለፈው ሳምንት ሚርቶን የመረመረችው የሥነ ልቦና ባለሙያ ለልጅቷ ያሳየቻት የአሻንጉሊት ጨዋታ ትዝ አላት። አንዷ አሻንጉሊት ኳሷን ቅርጫት ውስጥ ትታ ትወጣለች፤ ሌላዋ ወደ ሳጥን ታዛውርባታለች። የመጀመሪያዋ ስትመለስ ኳሷን የት ትፈልጋለች? ሚርቶ ሳታመነታ "ሳጥኑ ውስጥ" አለች። "አብዛኞቹ ልጆች በአራት በአምስት ዓመታቸው ሰው ያላየውን እንደማያውቅ ይገባቸዋል" አለች ባለሙያዋ። "ኦቲዝም ባለባቸው ብዙ ልጆች ዘንድ ግን ይዘገያል።" ፖሊክሴኒ ይህን ሲሰሙ "ልጅቷ ግትር ናት እንጂ ምንም የላትም" ብለው ነበር።

"ሚርቶዬ፣ አባባ ሲመለስ ሳንቲሙን የት የሚፈልግ ይመስልሻል?"

"እኔ ጋ።"

"ሲዛወር አይቷል?"

"አላየም።"

"ታዲያ እንዴት ያውቃል?"

ሚርቶ ጥያቄው አልገባትም። "እዚህ ነዋ ያለው።"

"እውነቷን ነው" አሉ ፖሊክሴኒ። "የተምታታባትስ ያቺ ባለሙያ ተብዬ ናት። ብዪ የኔ እመቤት፣ ትምህርት ቤት ሲከፈትም እቋጥርልሻለሁ።"

"እቃ ቤት ውስጥ መብላት አልችልም። ጨለማ ነው።"

"የምን እቃ ቤት?" አለች አሲሚና።

"በእረፍት ሰዓት ልጆቹ የሚቆልፉብኝ።" ድምፅዋ አልተለወጠም። "ታውቂያለሽ እኮ።"

"እኔ?"

"ታውቂያለሽ። ግን አትመጪም።"

የፖሊክሴኒ እጅ ለማማተብ ተነስቶ ግንባራቸው ላይ ቀረ። አሲሚና ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ "እንዴት ዋልሽ?" ስትላት ልጅቷ የበላችውን ብቻ ነበር የምትነግራት። በልጅቷ ሐሳብ ሌላውንማ እናቷ ታውቀዋለች። እያወቀች ነው የተወቻት።

ላዛሮስ ተመልሶ ገባ። በቀጥታ የእንግዳውን ድርሻ አንስቶ ፈረፈረው። "ሳንቲሙ የታለ?"

ሚርቶ የአባቷን ጣቶች አፍጥጣ አየች፤ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

አሲሚና የሰማችውን በአጭሩ ነገረችው። ለርዕሰ መምህሩ ሊደውል ስልኩን አነሳ። እሷ ግን ከእጁ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ከልጅቷ ወንበር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"ሚርቶዬ፣ አባባ ሳንቲሙ ሲዛወር አላየም፤ ለዚህ ነው እዚያ የፈለገው። እኔም ሲቆልፉብሽ አላየሁም። አላወቅሁም። ባውቅ ኖሮ በሩን ሰብሬ እገባ ነበር። አሁን ከበሩ ጀምረሽ ንገሪኝ።"

ልጅቷ ፍርፋሪውን ብዙ አየችው።

"በሩ አረንጓዴ ነው" አለች።