የሳልስቱ ንፍሮ

የንፍሮው ትሪ ልክነሽ ጋ ሲደርስ ዘለላት። ወይዘሮ ጣይቱ ከግራዋ ለተቀመጡት ሴትዮ ዘግነው ሰጡ፤ ከቀኟ ላለችውም ዘግነው ሰጡ፤ ልክነሽን ግን አንገታቸውን ሰበር አድርገው አለፏት። ክፋት አልነበረበትም። እንዲያውም ጨዋነት ነው ብለው ነው። የተገደለ ሰው ልጅ በገዳዩ ቤት እህል አትቀምስም፤ ይህን ለማወቅ የሲቀላ ሰፈር ሰው ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገውም።

እሷ ስትገባ ቀጥ ያለው የለቅሶ ድንኳኑ ወሬ ቀስ በቀስ ተመለሰ።

“የሀብተሚካኤል ልጅ አይደለችም እንዴ?” አለች አንዷ ከኋላዋ።

“እሷው ናት። ምን ልታይ መጣች?”

“መሞቱን ልታረጋግጥ ነዋ። ደም እኮ ዝም አይልም። ሰውየው የት ነው የሞተው? እዚያው ማሳው ውስጥ፤ አባቷ በሞተበት ቦታ።”

ሐኪም የጋሽ ተክለወልድ ልብ ታሟል ካለ ሦስት ዓመት አልፎታል። ሲቀላ ግን በሐኪም ቃል ረክታ አታውቅም። ላይ ሴቻ ያነጠሰውን ታች ሲቀላ ይማርህ ይሉታል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታኝከው የኖረችውም አንድ ወሬ ነው፦ ተክለወልድ በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልቶ ጎረቤቱን ሀብተሚካኤልን ገደለው የሚል።

ልክነሽ እንዳልገደሉት ታውቃለች። እንዴት እንደሞተ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሦስተኛው ትናንት ተቀበሩ፤ የቀሩት እሷና እናቷ ናቸው። ተናግራ የሰውየውን ስም ብታነጻ የአባቷን መቃብር ታጣለች። ዝም ብትል ደግሞ እኚህ ሰው ነፍሰ ገዳይ ሆነው ሊቀሩ ነው።

ያን ጠዋት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። እናቷ “አባትሽን ለቁርስ ጥሪው” ብላ ከአባያ ሐይቅ ዳር ወዳለው ማሳቸው ላከቻት። ከሙዙ ማዶ፣ ከጎረቤታቸው ማሳ ድንበር ላይ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ስትደርስ ጋሽ ተክለወልድ ተንበርክከው አባቷን በጋቢያቸው ይሸፍኑ ነበር። ገመዱን አየችው። አባቷ ለወራት እንቅልፍ አጥቶ፣ ሲያናግሩት የማይሰማ ሆኖ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አታውቅም። ጋሽ ተክለወልድ ቀና ብለው አዩዋት፤ ገመዱንም ከኋላቸው ደበቁት።

“ወድቆ ነው ያገኘሁት” አሉ። “አንቺም ወድቆ ነው ያየሽው። ሂጂ፣ እናትሽን ብቻ ጥሪልኝ።”

ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ውስጥ አይቀበርም። የእድሩ ገናዥ ደግሞ እሳቸው ነበሩ። ገናዥ ሁልጊዜ ሁለት ነው። ያን ቀን ግን ባልደረባቸውን ከደጅ መልሰው፣ በሩን ዘግተው ብቻቸውን አጠቡት፤ ብቻቸውን ከፈኑት። ሀብተሚካኤል ፍትሐቱ ተደርሶለት፣ ቅጥር ውስጥ አፈር ለበሰ።

ወሬው ከዚያ ተነሳ። በዚያው ሳምንት ሁለቱ በቦዩ ተራ ሲጨቃጨቁ ያየ ሰው ነበር። ለምን ብቻውን ገነዘ? ምን ሊደብቅ? ነገሩን ያጸናችው ግን የልክነሽ እናት በለጥሽ ናት። በባሏ ሳልስት ጋሽ ተክለወልድ የንፍሮ ትሪ ይዘው ሲዞሩ ፊቷን አዞረች። ጠልታቸው አልነበረም፤ ባሏን ከገመድ ያወረደውን እጅ ስታይ ጉሮሮዋ ተዘጋ። ድንኳኑ ግን ሌላ ነገር አየ። “በለጥሽ ከእጁ አልቀመሰችም” የሚለው ወሬ ቀትር ሳይሆን ሴቻ ደርሶ ተመለሰ።

ፖሊስም ጋሽ ተክለወልድን ወስዶ ጠየቃቸው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተፈቱ። በለጥሽ ልጇን ይዛ ማሳቸው ድረስ ሄደችና “እውነቱን እናገራለሁ” አለቻቸው። ሙዝ ይቆርጡ ነበር፤ ሥራቸውን አላቆሙም።

“ተይው በለጡ። ሰው እኔን ሲያማ እሱን አያማም። የኔ ትከሻ ሰፊ ነው።”

ትከሻቸው ሰፊ አልነበረም፤ ቀጭን ሰው ነበሩ። እድሩ ገናዥነቱን ነጠቃቸው። በማኅበር በሰንበቴ አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ። የአባቷ ሙት ዓመት በደረሰ ቁጥር ግን ልክነሽ የመቃብሩን አረም ተነቅሎ ታገኘው ነበር። ማን እንደነቀለው መጠየቅ አላስፈለጋትም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰው ስለሚያይ አንገት ሰብሮ ማለፍ ብቻ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንዴ እንኳ እግዜር ይስጥልኝ አላለቻቸውም። አባቷ ተለቅሶለት፣ ተጸልዮለት ያረፈው በእሳቸው ስም መጥፋት ነው፤ ምስጋናው ደረቷ ውስጥ ሞልቶ መውጫ አጣ።

ከሰዓት በኋላ ሰው ቀለል ሲል የጋሽ ተክለወልድ ባለቤት ወይዘሮ አሰፋሽ አጠገባቸው አስቀመጧት።

“መምጣትሽ ደስ ብሎኛል” አሏት።

“እትዬ አሰፋሽ፣ ጋሽ ተክለወልድ እኮ…”

“ተይ።” እጃቸውን ጉልበቷ ላይ ጣል አደረጉ። “ምን እንዳየ ጠይቄው አላውቅም። አንድ ቀን ሊነግረኝ ሲል እኔው ከለከልኩት። ባሌን አውቀዋለሁ፤ ይበቃኛል።” ከዚያ በአገጫቸው ወደ ጓዳ አመለከቱ። አንዲት ልጃቸው አርሴማ ጎንበስ ብላ ሳህን ታጥባለች። “እሷን እያት። አንዲት እንባ አልወጣትም። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮ፣ የገዳይ ልጅ ናት ተብሎ ቀረ። አባቷን እያፈረችበት ቀበረችው። የኔ ማወቅ ለሷ ምን ይረባታል?”

ልክነሽ ተሰናብታ ተነሳች። ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ ሴቻ ወጣች። ከአባቷ ሐዘን በኋላ ቤታቸው እዚያ ነው። እናቷ በረንዳ ላይ በቆሎ ትፈለፍላለች፤ ሐይቁ ከታች ቡናማ ሆኖ ተኝቷል።

“ቀመስሽ እንዴ?” አለች በለጥሽ ቀና ሳትል።

“ዘለሉኝ።”

“ደግ አደረጉ። ብትቀምሺ፣ እሱ ካልገደለው ታዲያ ምን ገደለው ይላሉ። ከጠየቁ ያገኙታል። አጥንቱን ከቅጥሩ ያወጡብኛል፣ ልክነሽ።”

“አርሴማ አላለቀሰችም፣ እማ።”

“እንዴት አታለቅስም? አባቷ አይደለም?”

“ገድሏል ብላ ታምናለች። ካንቺ ነው የሰማችው።”

“እኔ ምን ተናገርኩ?”

“ምንም። ፊትሽን አዞርሽ።”

የበለጥሽ እጅ በቆሎው ላይ ቆመ።

በሳልስቱ ልክነሽ ብቻዋን ወረደች። ወይዘሮ ጣይቱ ትሪያቸውን ይዘው መዞር ሲጀምሩ የድንኳኑ ወሬ እንደገና ቀጥ አለ፤ በለጥሽ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ሰው እግሩን እየሰበሰበ አሳለፋት። ሄዳ አሰፋሽ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮ ጣይቱ እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ሰብረው ሊያልፏት ሲሉ የቀሚሳቸውን ጫፍ ያዘች።

“ትሪውን ለአርሴማ ስጫት፣ ጣይቱ። ከሷ እጅ ነው የምቀምሰው።”

አርሴማ ከጓዳ ተጠርታ መጣች። ትሪውን ይዛ ከፊቷ ተንበረከከች፤ ቀና ብላ ግን አላየቻትም። በለጥሽ ሁለት እጇን አጣምራ ዘረጋች። ተዘገነላት፤ በላች። ጥርሶቿ እንደ ድሮው አይደሉምና ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ ሰው ሁሉ አፍ አፏን ያያል።

“ያን ጊዜ ከእጁ ያልቀመስኩት ሐዘን ጉሮሮዬን ዘግቶት ነው” አለች ስትጨርስ። “ተክለወልድ ወንድሜ ነው። ባሌን በክብር አፈር ያገባልኝ እሱ ነው። ደም የለንም። ኖሮንም አያውቅም።”

“ታዲያ ሀብተሚካኤልን…” ብለው ጀመሩ ወይዘሮ ጣይቱ።

“ቀኑ ደረሰ፣ ሞተ” አለች በለጥሽ። “እንደ ሰው ሁሉ።”

ቀጥሎ የጠየቀ የለም። በለጥሽ ባዶ እጇን እንደገና ዘረጋች።

“ጨምሪልኝ፣ ልጄ። አባትሽ የሰጠኝም አለብኝ፤ ያን ቀን ያስቀረሁት።”

አርሴማ ልትዘግን እጇን ትሪው ውስጥ ከተተች። እጇ እዚያው ቀረ። ትሪው ዘመም አለ፤ “አባዬ” አለች፣ ቀስ ብላ፣ ከዚያም ጮክ ብላ፤ ባቄላው መሬት ላይ መንጠባጠብ ያዘ። ልክነሽ ከተቀመጠችበት ተነስታ አጠገቧ ተንበረከከች። በአንድ እጇ ትሪውን ከሥሩ ደገፈችላት፤ በሌላው ለራሷ ዘገነች።